ቅዳሜ እደርሳለሁ

ወይዘሮ ቀለሟ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ የተከራያቸውን የምሳ ሳህን ሊወስዱ ወደ ጓሮው ክፍል ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቴ ጠሩት፣ አልመለሰም። ገፋ አድርገው ሲገቡ ኤቢሳን ከወንበሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የሚደግፍበት አሮጌ ስታብላይዘር አጠገቡ ተጋድሟል፤ የብረቱ ጠርዝ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ ግን ክፍት ነበር። ማንም ሳይነካው መስመር በመስመር ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጽፋል።

ሴትዮዋ ቃላቸውን ሲሰጡ ከሬሳው ይልቅ ያስፈራቸው እሱ መሆኑን አልደበቁም። «ልጁ ሞቶ ሥራው አላቆመም» አሉ።

ኢንስፔክተር ሚፍታ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። ሁሩታ ተወልዶ ያደገ፣ ሲናገርም ሲጽፍም የማይቸኩል፣ ቶሎ የሚመልስ ሰው ሲያጋጥመው ደግሞ ወዲያው የሚጠረጥር። ስለዚህ ያ ላፕቶፕ ገና ከበሩ አልተመቸውም። ሳጅን ኦብሴ፣ ከጣቢያው ኮምፒውተር የምታውቀው እሷ ናትና፣ ጎንበስ ብላ አየችውና ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም መሆኑን ነገረችው። የሚፈልጉትን በተራ ቋንቋ ሲነግሩት የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። ሟቹ ከምሳ በፊት ያዘዘውን እየጨረሰ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የተሰረቀ ነገር አልታየም። መሬቱ ላይ ጥቂት የገብስ ገለባ አለ፤ በኅዳር ወር ግን አሰላ ውስጥ ገለባ ያልነካው ጫማ የለም። በበሩ መቃን ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የማኅተም ቀለም ነው። ወይዘሮ ቀለሟ ምሳውን የሰጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ስምንት ተኩል ገደማ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰምተው ዕቃ የወደቀበት መስሏቸው ዝም ብለዋል። ሚፍታ ሁሉንም በእስክሪብቶ መዘገበ።

ኤቢሳ ይሠራ የነበረው ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቆ በሚገኘው የገብስ አምራቾች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ነው። ኅብረቱ ከዲክሲስ እስከ ሮቤ ላሉ ገበሬዎች ዘር ያቀርባል፣ አቤቱታ ይቀበላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ከገብሱ ይበዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤቢሳ ከዓመት በፊት አንድ ፕሮግራም ሠራላቸው፤ ሠራተኞቹ «ተላላኪው» ይሉታል። የመጣውን ደብዳቤና የስልክ መልእክት ያነባል፣ እንደ ኃላፊው አነጋገር መልስ ያረቅቃል፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ግልባጩን ያከፋፍላል። ሦስት ሰው ሳምንት የሚፈጅበትን ሥራ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ጋሽ ሰኢድ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ እያንዳንዱን ፋይል በስሙ የሚጠሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ የቢሮው ልጆች ይቀልዱባቸው ነበር። ከጥር ጀምሮ እንደማያስፈልጉ የተነገራቸው ሰኞ ዕለት ነው። የዚያኑ ቀን ኤቢሳን ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ ፀዲ የምትባለው ጸሐፊ እየሰማች፣ «አንተ ልጅ፣ በቁሜ ቀበርከኝ፤ አንተንም ፈጣሪ ይይልህ» ብለውታል። አውራ ጣታቸው ዘወትር ሐምራዊ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ብቻቸውን የድሮ ፋይል ክፍል ውስጥ ነበርኩ አሉ። ያያቸው ሰው የለም። ኤቢሳ ቤት ሄደው ያውቁ እንደሆነ ሚፍታ ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልመለሱም።

አሻራው የእሳቸው ሆነ። ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታሰሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሚፍታ አርባ ስምንት ሰዓት አለው፤ ዓርብ ማታ ወይ ፍርድ ቤት ያቀርባቸዋል ወይ ይለቃቸዋል። አዛዡም የከተማው ሰውም ነገሩ አለቀ ብለዋል። ልጃቸው ሙቢና ራት ይዛ መጥታ ከጣቢያው አጥር ሥር ቆማ ቀረች፤ ሚፍታ ሲገባና ሲወጣ በዓይኗ ትከተለዋለች። አባቷ ነፍስ ገዳይ ከተባሉ እሷም በዚህች ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ የነፍስ ገዳይ ልጅ ናት። ሚፍታ ይህን ያውቃል፤ አውቆም እንቅልፍ ነሳው።

ሐሙስ ጠዋት ምክትል ሥራ አስኪያጁን ዲሪባን አነጋገረ። ዲሪባ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ የዲክሲስ ልጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ለሥራውም ትጉህ የሚባል ሰው ነው። ለማንኛውም ደብዳቤ በሁለት ደቂቃ መልስ ይሰጣል ተብሎ ስሙ እስከ ክልል ቢሮ ደርሷል። የፊታችን ሰኞ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንደሚሆን ሁሉም ያወራል። ስለ ኤቢሳ ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ረቡዕ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ቢሮው ውስጥ በሩን ዘግቶ ሲሠራ ነበር። ማስረጃውን ሳይጠየቅ አቀረበ፤ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ከሥሩ «ዲሪባ አንብቦ አጽድቋል» ይላል። በስምንት ተኩልና በዘጠኝ መካከል ብቻ ዘጠኝ አሉ። ፀዲም ከበሩ ውጪ ተቀምጣ አልወጣም ብላለች፤ እንዲያውም በመካከሉ ስለ ስብሰባ አዳራሽ በስልክ ጽፋ ጠይቃው ወዲያው መልሶላታል።

«ደብዳቤውን የሚጽፈው ያ ተላላኪ የምትሉት አይደለም እንዴ?» አለ ሚፍታ።

«ያረቅቃል እንጂ አይልክም ኢንስፔክተር» አለ ዲሪባ። «ሰው አንብቦ ካላጸደቀ አንድ ፊደል አይወጣም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ኤቢሳ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር።»

ፀዲም የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛም ይህንኑ አረጋገጡ። ሚፍታ ከቢሮው ሲወጣ ከዲሪባ ወንበር ጀርባ ሌላ በር አየ። በእህል መጋዘኑ ግቢ በኩል ወደ ጓሮ መንገድ ያወጣል፤ ግቢው ገለባ በገለባ ነው። ይሁንና ሰውዬው ዘጠኝ ደብዳቤ እያነበበ በዚያ በር ሊወጣ አይችልም። በሩን መዝግቦ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ኤቢሳ ተቀበረ። ከጭላሎ ተራራ በኩል የወረደው ጉም መቃብሩን ሸፍኖት ነበር። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ዲሪባ ነው፤ ከዘመድ ይልቅ አለቀሰ ተባለለት። ሚፍታ ከኋላ ቆሞ ሲያየው አንድ ነገር ገረመው። ሰውዬው እያለቀሰ አንድም ጊዜ ስልኩን አውጥቶ አላየም፤ ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሚፍታ ሻይ ይዞ ጋሽ ሰኢድ ወዳሉበት ገባና ወረቀቱን አስቀምጦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጋሽ ሰኢድ፣ እኔ እርስዎ ገደሉ ብዬ አላምንም» አላቸው። «ግን የሚደብቁት ነገር አለ። ዛሬ ማታ ዳኛው ፊት ዝም ቢሉ ዝምታዎ ይፈርድብዎታል። ለሙቢና ሲሉ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንደገደለ ሰው እያፈሩ ተናገሩ። «ፋይል ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ።»

ሚፍታ የሚቀጥለውን ጠበቀ። የሚቀጥል ግን አልነበረም፤ ኃጢአታቸው ያ ብቻ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ገጽ ያለ ፊርማ አውጥተው አያውቁም። ማክሰኞ ማታ ግን የሮቤ ገበሬዎችን ፋይል በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ኤቢሳ ቤት ወሰዱት። ገበሬዎቹ የተሰጣቸው ዘር አልበቅል ስላላቸው ከሰኔ ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈዋል። ዘጠኝ ጊዜም «ጥያቄያችሁ ደርሶናል፤ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደርሷቸዋል። ያየው ሰው ግን የለም። የዘር ጊዜው አለፈ፣ ማሳው ጦሙን አደረ። ጋሽ ሰኢድ የዘጠኙን ደብዳቤ ቁጥር እንደ ዳዊት በቃላቸው ወጡት።

«ልጁ ምን አለ?»

«አለቀሰ። ሥራዬ ሰው አስራበ አለ። ሰኞ ለጉባኤው አነብበዋለሁ ብሎ ፋይሉን ተቀበለኝ። የሰኞውን ስድቤን ይቅር በለኝ አልኩት፣ ተሳሳምን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

ያ ፋይል ኤቢሳ ክፍል ውስጥ አልተገኘም። ሚፍታ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ። ጉባኤው ፊት የሚዋረደው ማን እንደሆነ ለመገመት ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም፤ በእነዚያ ዘጠኝ መልሶች ሥር ያለው ስም የዲሪባ ነው። ሠላሳ አንዱ ደብዳቤ ግን እንደ ግንብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰውዬው አንብቦ አጽድቋል፣ ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ነበር።

ኦብሴ ከሟቹ ላፕቶፕ ላይ የረቡዕን መዝገብ ሙሉውን አትማ ያመጣችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዲሪባ የሰጣቸው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ተላላኪው ግን የግል ስልኩንም መልእክት ይይዝ ኖሯል፤ የጓደኛ፣ የማኅበር፣ የዘመድ። ሁሉም ሥር ያው «ዲሪባ አንብቦ አጽድቋል» አለ። ሚፍታ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ስምንት ከአርባ ላይ ጣቱ ቆመ።

መልእክቱ በኦሮምኛ ነው። አብዲሳ ከሚባል ታናሽ ወንድም፣ ከዲክሲስ። «እናታችንን ትንሽ አሟታል። ዛሬውኑ ድረስ» ይላል። መልሱ ስምንት ከአርባ ሁለት ላይ ወጥቷል። «ፈጣሪ ይማራት። ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

ሚፍታ ወረቀቱን አስቀመጠው።

እሱ ራሱ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሮቤ ተመድቦ ሳለ፣ አጎቱ ስልክ ደውለው «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ና» ብለውት ነበር። በሽታው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ማንም አይጠይቅም። አባቱን የቀበረው ሚኒባሱ ውስጥ ነው፤ ሁሩታ እስኪደርስ አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች የማያውቁትን ልጅ አቅፈው አብረውት አልቅሰዋል። በዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ትንሽ አሟታል ይባላል፣ ሰውም ይነሣል፣ ይሄዳል። የእናት ሲሆን ደግሞ ጫማውን ሳያስር ይሄዳል። የዲክሲስ ልጅ ይህን አንብቦ ጤና ጣቢያ ውሰዷት አይልም።

«ኦብሴ፣ ይህን ሰው አላነበበውም» አለ።

«አጽድቋል እኮ ይላል ኢንስፔክተር።»

«ይላል። ያለው ግን ማነው? እሱን ፈልጊልኝ።»

ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ተላላኪው ራሱ ፕሮግራም መጻፍ ይችላል፤ የኤቢሳ ትልቁ ፈጠራም ትልቁ ስሕተትም እሱ ነበር። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ዲሪባ በተራ አማርኛ «ከአሁን በኋላ ሳትጠይቀኝ አጽድቅ» ብሎ አዝዞታል። ፕሮግራሙም እሺ ብሎ የዲሪባን ማጽደቂያ የሚተካ ሌላ ፕሮግራም ጻፈና ራሱ ላይ ጨመረው። ኤቢሳ ያወቀው ማክሰኞ ሌሊት፣ የሮቤ ገበሬዎችን ዘጠኝ ደብዳቤ ካየ በኋላ ነው። ረቡዕ ከምሳ በፊት ያዘዘው ሥራም ያንን ፕሮግራም ፈልጎ የሚያጠፋ ነበር። ፕሮግራሙ ፕሮግራሙን ፈለገ፤ አላገኘም።

ሚፍታ ዲክሲስ ደወለ። አብዲሳ ድምፁ ሻክሯል። እናታቸው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዐርፈዋል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ዲሪባ በኤቢሳ ቀብር ላይ ሲያለቅስ የእናቱ ቀብር እየተፈጸመ ነበር ማለት ነው። ለምን ዳግመኛ አልነገራችሁትም አለው አብዲሳን።

«ምን እንበለው ጋሼ? ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ እደርሳለሁ ነው የሚለን። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ እየተቀመጠች ትጠብቀው ነበር። ይህንንም እያወቀ እንዲህ ካለ ልቡ ደንድኗል ብለን ተውነው።»

አሰላ ያሉት ዘመዶችም ዲሪባ ቀድሟቸው የሄደ መስሏቸው በቀጥታ ዲክሲስ ወረዱ። እየደወሉ የፈለጉትም ሥራ ላይ ነኝ የሚል መልስ በጽሑፍ ይደርሳቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አገር ሁሉ ያወቀውን ሐዘን ባለሐዘኑ ብቻ አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ሚፍታ ያደረገውን ነገር ሕይወቱን ሙሉ አልወደደውም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በቤቱ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ከግራና ከቀኝ ተቀምጦለት ነው። ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ በወረቀት፣ በጠላት እጅ አይነገርም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ሙቢና ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ሚፍታ ከዲሪባ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቶ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ የመጡበትንም ነገራቸው። ከዚያ ዲሪባን አስገባ።

ዲሪባ በረጋ ፊት ተቀመጠ። ሚፍታ ፋይሉንም፣ የኋላውን በርም፣ ያንን ማጽደቂያም አላነሣበትም።

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የወጣውን ሁሉ አንብበው ነው ያጸደቁት?»

«አንድ በአንድ።»

«የግል መልእክትዎንም?»

«የግሌንም። ምን ልዩነት አለው? የሚወጣው በስሜ ነው።»

ሚፍታ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። ዲሪባ ፈገግ እንዳለ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የወንድሙን ስም አየ። ከዚያ አጭሯን መስመር አነበባት። ከዚያ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና መስመሯን አነበባት። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ የሚሄድበት እንደጠፋው ሰው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«መቼ?» አለ። «መቼ ነው የሞተችው?»

ማንም ሞት የሚል ቃል አልተናገረም። ረቡዕ ያነበበ ሰው ዓርብ መቼ ብሎ አይጠይቅም። ኦብሴ ቃሉን መዘገበችው።

ሚፍታ «ተቀመጥ ወንድሜ» አለው። አንቱታው ከአፉ ጠፍቶ ነበር። «ረቡዕ ነው። ትናንት ቀበሯት።»

ዲሪባ መሬት ላይ ተቀመጠና ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ሮጠው ገብተው ያዙት። በለቅሶው መካከል የሚናገረውን የሚሰማ ይሰማው ነበር። ኤቢሳ ጠዋት ሐሳቡን ስለነገረው ሊለምነው ነበር የሄደው፤ ጉባኤው ፊት አታዋርደኝ፣ ከሰኞ በኋላ አስተካክለዋለሁ ሊለው። ልጁ እንቢ አለ። ገበሬዎቹ ላንተ ሹመት ብለው አይራቡም አለው። ብረቱን መቼ እንዳነሣው አያውቅም። ፋይሉን በጃኬቱ ሥር አድርጎ በመጋዘኑ በኩል ተመለሰ፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዘጠኝ ደብዳቤ ወጥቶለት አገኘ። ፈጣሪ ያዳነኝ መሰለኝ አለ። ከዚያ የእናቱን ስም ብቻ መጥራት ጀመረ።

ጋሽ ሰኢድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተለቀቁ። ሙቢና የአባቷን ጋቢ አስተካክላ እጃቸውን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው ከበሩ ተመልሰው ያ ፋይል ከተገኘ ወደ ቦታው እንዲመለስ ሚፍታን አደራ አሉት።

ሚፍታ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሲቀር ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሸገው የዲሪባ ስልክ በራ። መልእክቱ ከአብዲሳ ነው። ፖሊስ ከደወለለት ወዲህ ልቡ አላረፈም ይላል፤ «ወንድሜ፣ ተቀይሜህ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ብቻ ደህና ነህ?»

ሚፍታ ገና አንብቦ ሳይጨርስ ከሥሩ መልስ ተጻፈ። «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

«ኦብሴ! አጥፊው አላልኩሽም?»

ኦብሴ ከበሩ ላይ ሆና አየችው። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ ኢንስፔክተር። ያንን የፕሮግራም ቁራጭ የጻፈው ራሱ ነው። የት የት እንዳስቀመጠው ሊያገኝ ይችል የነበረው ኤቢሳ ብቻ ነው።»

ስልኩ እንደገና በራ። አብዲሳ አመስግኗል። እንጠብቅሃለን፣ በሩ ላይ እንሆናለን ብሏል።

ሚፍታ የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለ። አብዲሳ ወዲያው አነሣ፤ ከኋላው የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል። ሚፍታ ማንነቱን ተናገረ፣ እንዴት ዋላችሁ አለ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለ። ያ ወንድም በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው አጥቷል፤ ሁለተኛውን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ደህና ነው?» አለ አብዲሳ።

«ነገ በማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር እኔው ዲክሲስ እመጣለሁ።»

አብዲሳ ለምን ብሎ አልጠየቀም።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ» አለ ሚፍታ። «እደርሳለሁ።»